ማሞግራም ትቼ ቴርማል ካሜራ ብነሳስ? ጨረር የለውም እያሉኝ ነው

ሳሮን_ሜሪላንድ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። 42 ዓመቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው። ዶክተሬ ማሞግራም (የጡት ካንሰር ሚፈለግበት የጡት ራጅ) ጽፋልኝ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ከረመ። እውነቱን ልንገራችሁ ፈርቼ ነው። ጡትሽን በሁለት ፕላስቲክ መሃል ጨፍልቀው ነው ሚያነሱሽ እያሉ ያስፈራሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ በዛ ላይ ጨረር አለው። አሁን ደሞ አንዷ ጓደኛዬ እዚሁ አካባቢ አንድ ዌልነስ ሴንተር አለ፣ በቴርማል ካሜራ ነው ሚያዩሽ፣ አይነኩሽም፣ ጨረር ሚባል ነገር የለውም፣ እንደውም ማሞግራም ካንሰሩን ከማየቱ ከዓመታት በፊት ቀድሞ ያሳያል አለችኝ። ሁለት መቶ ምናምን ዶላር ነው፣ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ቲክቶክ ላይም ያቺ ስኮትላንድ ውስጥ ቴርማል ካሜራ ፊት ቆማ የራሷን ካንሰር ያገኘችው ሴትዮ ቪዲዮ እየዞረ ነው፣ አይታችሁታል? ሙያው ያላችሁ ወይ የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ ብሩን ከማውጣቴ በፊት

የቦሌው_ልጅ
ኮሮና ጊዜ ቦሌ ኤርፖርት የነበረው ካሜራ አይደል እንዴ ይሄ? ትኩሳት ሚያየው? ያኔ አንዱ ጓደኛዬ አውሮፕላን ሊያመልጠው ሲል ከነሻንጣው ሮጦ ስለገባ ቀይ ሆኖ ታየና ለብቻው አስቀመጡት ሃሃሃ። በዛ ካሜራ ነው ካንሰር ሚፈልጉት?

ቢዮሜድ_ኢንጂነር
@የቦሌው_ልጅ አሳቅከኝ ግን ዘሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የጥራት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሰውነት ኢንፍራሬድ ያወጣል፣ ካሜራው እሱን ተቀብሎ በቀለም ይስልልሃል፣ ሞቅ ያለውን ቀይ ወይ ነጭ ቀዝቀዝ ያለውን ሰማያዊ። ከካሜራው ወደ ሰውየው ሚሄድ ምንም ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ጨረር የለውም ያሉሽ ሳሮን ትክክል ነው እዛ ላይ አልዋሹም።

ካንሰር ሲያድግ ምግብ ይፈልጋል፣ ለራሱ አዳዲስ የደም ስር ያበቅላል፣ የነበሩትንም እንዲሰፉ ያደርጋል፣ ብዙ ደም ማለት ብዙ ሙቀት ማለት ነው። እና አንደኛው ጡት ላይ በሌላኛው የሌለ ትኩስ ቦታ ከታየ "እዚህ ጋ ምን አለ?" ያስብላል። ሀሳቡ ይሄ ነው ሀሳቡ ሞኝነት የለውም። ችግሩ ካሜራው ሚያየው ቆዳሽን ብቻ ነው። ውስጥ አይገባም። ቆዳ ላይ ደርሶ የታየ ሙቀት ከየትና ከምን ያህል ጥልቀት እንደመጣ አያውቅም። ጡት ደሞ አብዛኛው ስብ ነው ስብ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፣ ከወፍራም ጋቢ ስር ያለ ፍም በለው፣ ከላይ ስትነካው ምንም አይመስልም። ትንሽ ሆኖ ጥልቅ ውስጥ ያለ እጢ ካሜራው ፊት የለም ማለት ነው።

ፅጌ_ለንደን
ያቺ ሴትዮ ታሪኳ እውነት ነው ሳሮን፣ እዚህ ዜና ሁሉ ላይ ወጥቶ ነበር። 2019 ነው። ኤድንብራ ከተማ ካሜራ ኦብስኩራ ሚባል የመዝናኛ ቤት አለ ልጆች ይዘሽ ምትገቢበት፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ቴርማል ካሜራ አለ ሰው እጁን እያወዛወዘ ሚጫወትበት። ሴትዮዋ ያኔ 41 ዓመቷ ነበር፣ ከቤተሰብ ጋ ሄዳ ስክሪኑ ላይ ግራ ጡቷ ላይ ለየት ያለ ቀለም አየች፣ የሌሎቹን አየች እነሱ ላይ የለም። ፎቶ አነሳችው፣ ቤቷ ስትገባ ስታነብ ነገሩ አስጨነቃትና ሀኪም ጋ ሄደች፣ ገና በጊዜው ያለ የጡት ካንሰር ሆነ።

ግን ልብ በይ፣ ካንሰር ነው ያላት ካሜራው አይደለም፣ ሆስፒታሉ ነው። ካሜራው ያረገው ነገር ሀኪም ጋ እንድትሄድ ማስደንገጥ ነው። እዛ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ስንት ሺህ ሴት ይቆማል፣ ውስጧ ካንሰር ኖሮ ስክሪኑ ምንም ያላላት የለችም ትያለሽ? እሷ ዜና አትሆንም እኮ፣ ማንም አያውቃትም፣ እሷም አታውቅም።

ሀና_አርኤን
ሳሮን እህቴ እኔ ቨርጂኒያ ነው ምሰራው ነርስ ነኝ። መጀመሪያ የገንዘቡን ልንገርሽ። ከ40 ዓመት ጀምሮ ማሞግራም እዚህ ሀገር አብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ምንም ኮፔይ (ከኪስሽ ምትከፍዪው ድርሻ) ይሸፍናል ህግ ነው። ዩኤስፒኤስቲኤፍ ሚባለው የሀኪሞች ቡድን 2024 ላይ መመሪያውን አሻሽሎ ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ ብሏል፣ ድሮ 50 ነበር። ስለዚህ ነፃ የሆነውን ትተሽ ለማይተካው ነገር ሁለት መቶ ዶላር ልትከፍዪ ነው። ይሄ ስድብ አይደለም ሂሳቡ ነው።

ተፈጥሮ_ይሻላል
ነርሶችና ዶክተሮች ከሆስፒታል ደሞዝ እየበሉ ሌላ ምን ይበሉሽ። ማሞግራም ራሱ ጨረር ነው፣ ጨረር ደሞ ካንሰር ያመጣል ይሄን ማንም አይክድም። መጨፍለቁም ካለ ይበትነዋል። ቴርሞግራፊን (ይሄን በቴርማል ካሜራ ማየቱን) ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የመድኃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪው፣ ራሱ ፈቅዶታል ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። ሰውነትሽን ሳይጎዳ ሚያይ ነገር እያለ ለምን? ኢንዱስትሪው ስለማይፈልግ ነው የደበቁት

ራድቴክ_አዲስአበባ
@ተፈጥሮ_ይሻላል ወንድሜ (ወይ እህቴ) በቁጥር እንነጋገር። እኔ ማሞግራፊ ማንሳት ስራዬ ነው ደሞዜን ብታየው ኢንዱስትሪ አትለኝም ነበር።

የአንድ ማሞግራም ጨረር 0.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ሰው ምንም ሳያደርግ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከአፈሩ ከሰማዩ ከድንጋዩ በ7 ሳምንት ሚያገኘው ያህል ማለት ነው። ዜሮ ነው አላልኩም፣ ትንሽ ነው ነው ያልኩት። መጨፍለቁ ካንሰር ይበትናል ሚለው መሰረት የለውም። ምንጨፈልቀው ጡቱ ተዘርግቶ አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን፣ ጨረሩም እንዲያንስ፣ ምስሉም እንዳይደበዝዝ ነው። ጨረሩ ከፈራሽ እንደውም መጨፍለቁን ልትወጂው ይገባል።

ኤፍዲኤ ፈቅዷል ያልከው ግማሹን ነው የተናገርከው። 1982 ላይ የፈቀደው ከማሞግራም ጋር እንደ ረዳት ብቻ ነው። ከዛ በኋላ እነዚህ ሴንተሮች ለብቻው ይበቃል እያሉ ሲሸጡት ጊዜ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል፣ 2019 የካቲት ላይ ያወጣው በጣም ግልፅ ነው፣ ቴርሞግራፊ በማሞግራም ቦታ አይተካም፣ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ጋ ለቅድመ ምርመራ እንደሚሰራ ሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ነው ያለው። የተደበቀ ነገር የለም ዌብሳይታቸው ላይ ተለጥፏል።

ተፈጥሮ_ይሻላል
እሺ ቆይ ሰው ግን መምረጥ አይችልም እንዴ

ራድቴክ_አዲስአበባ
ይችላል። ሚመርጠውን አውቆ ይምረጥ ነው።

ሰሊ_ዲሲ
እኔ ከዚህ በፊት የትም አልጻፍኩትም ግን ዛሬ ልጻፈው። የአክስቴ ልጅ በትክክል ሳሮን የጻፈችውን ነው ያደረገችው። ማሞግራም ትፈራለች፣ ቴርማል ሄደች፣ ቦታውን አልጠራም። ሰማያዊና አረንጓዴ የሞላበት ቆንጆ ሪፖርት ሰጧት ከታች "ዝቅተኛ ስጋት" ይላል፣ በደንብ በከለር ፕሪንተር የታተመ፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ሁሉ ለጠፈችው ኤልልል አልን። ከዛ ብብቷ ስር የሆነ ነገር ሲነካት "ኧረ እኔ እኮ ተመርምሬያለሁ" እያለች ነው ያለፈችው። እዛ ጋ ነው ጉዳቱ። ወረቀቱ ባይኖር ትደነግጥና ትሄድ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ስትታይ ንፍፊቶቿ ጋ ደርሶ ነበር። አሁን ኬሞዋን ጨርሳ ደህና ናት እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፀጉሯም በቅሏል። ግን ያን ወረቀት ሳስታውስ ያመኛል

ፅጌ_ለንደን
እግዜር ጨርሶ ይማርልሽ ሰሊዬ 🙏

ቢዮሜድ_ኢንጂነር
እግዜር ይማራት። እኔ ግን ቴክኖሎጂውን ሙሉ በሙሉ ጥላሸት መቀባቱ ላይ አልስማማም፣ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የሸጡት ሰዎች እና መሳሪያው አንድ አይደሉም።

ታሪኩ ረጅም ነው። 1956 ላይ ሬይ ላውሰን ሚባል የሞንትሪያል ቀዶ ሀኪም ነው ካንሰር ካለበት ጡት በላይ ያለው ቆዳ ሞቆ እንደሚገኝ ለክቶ የጻፈው። ከዛ በ70ዎቹ (በፈረንጅ) ሁሉም ጉድ አለና አሜሪካኖቹ ከ1973 ጀምሮ ከ280 ሺህ በላይ ሴቶችን ሲያዩ ማሞግራምም ቴርሞግራፊም አንድ ላይ አስገቡት። ቴርሞግራፊው ብዙ ካንሰር ሲያመልጠው ስላዩ ገና መንገድ ላይ አስወጡት። ያኔ ግን ካሜራው ምን ነበር? በፈሳሽ ናይትሮጅን ሚቀዘቅዝ ግዙፍ ነገር፣ ምስሉ ግራጫ፣ አንባቢው ሰው በዓይኑ። ዛሬ የ0.05 ዲግሪ ልዩነት ሚለይ ካሜራ በእጅ ይያዛል። ህንድ ባንጋሎር ውስጥ ኒራማይ ሚባል ድርጅት አለ፣ 2016 የተመሰረተ፣ ጊታ ማንጁናት የምትባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ናት ከመስራቾቹ አንዷ፣ ምስሉን ሰው ሳይሆን ኤአይ ነው ሚያነበው፣ ገጠር ድረስ ይዘው እየሄዱ እየሰሩበት ነው። ማሞግራፊ ማሽን ክፍል ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ራዲዮሎጂስት ይፈልጋል። እኛ ጋ ከአዲስ አበባ ወጣ ስትል ስንት ቦታ ነው ያለው? ለሀገራችን እንደ መነሻ ማጣሪያ ቢጠና ምን ይላል ነው እኔ ምለው

ራድቴክ_አዲስአበባ
@ቢዮሜድ_ኢንጂነር ይጠና፣ ጥናቱን ማን ጠላው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሄደህ ካሜራህን ተከልክ እንበል፣ ከመቶ ሴት አስሯን ቀይ አለልህ። ከዛስ? ቀይ ያላት ሁሉ ካንሰር የለባትም። የምታጠባ ቀይ ናት፣ ጡቷ የመረቀዘ ቀይ ናት፣ የወር አበባዋ ሊመጣ ያለ ትሞቃለች፣ ፀሐይ የመታት፣ ከእርሻ እየሮጠች የመጣች። እነዛን አስሩን አልትራሳውንድ ማን ያነሳቸዋል? መርፌ ማን ይወጋል? ናሙናውን ማን ያነባል? ፓቶሎጂስት ያለው ሆስፒታል በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ገበሬ ሴት በሬ ሸጣ "ምናልባት" ለሚል ነገር አዲስ አበባ ትመጣለች?

አሰራሩንም ታውቀዋለህ አንተ። ክፍሉ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከወገብ በላይ ራቁቷን 10፣ 15 ደቂቃ እጇን ከሰውነቷ አርቃ መቀመጥ አለባት ቆዳዋ እስኪረጋ፣ ቅባት አይቻልም፣ ቡና አይቻልም፣ ፋን እንኳ ከነፈሰባት ምስሉ ይበላሻል። አፋር ላይ በሚያዝያ ይሄን ክፍል አሳየኝ።

ቢዮሜድ_ኢንጂነር
አፋር ላይ ኤሲ ይገባላ 😅 ግን ነጥብህን አልክድም፣ ከኋላው ሰንሰለቱ ከሌለ ካሜራው ብቻውን ጭንቀት ማከፋፈያ ነው ሚሆነው

ራድቴክ_አዲስአበባ
በትክክል። ህንድን ካነሳህ ደሞ ሌላውን ህንድ ላምጣልህ። ሙምባይ ውስጥ ታታ ሜሞሪያል ሚባለው የካንሰር ሆስፒታል ከ1998 ጀምሮ 20 ዓመት ሙሉ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታተለ። ግማሹን መንደር የሰለጠኑ ተራ የጤና ሰራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ጡታቸውን ይዳስሱ ነበር፣ ግማሹ ትምህርት ብቻ። ካሜራ የለም ኤክስሬይ የለም። ውጤቱ 2021 ቢኤምጄ ሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ የተዳሰሱት ካንሰራቸው ቀደም ባለ ስቴጅ (ደረጃ) ተገኘ፣ ከ50 በላይ ያሉት ላይ ደሞ ሞት ወደ 30 ፐርሰንት ቀነሰ። ከ50 በታች ያሉት ላይ ግን የሞት ልዩነት አላሳየም፣ እሱንም አልደብቅህም። ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች አሉን አይደል? እኔ ብሩ ካለ እዛ ላይ ባውለው እመርጣለሁ።

ወሮ_አስናቀች
ልጆቼ ስታወሩ እያነበብኩ ነበር ልጄ ናት ስልኩን ያስተማረችኝ። እኔ ጥቁር አንበሳ የታከምኩ ነኝ። መጀመሪያ ግራ ጡቴ ላይ ገላዬን ስታጠብ አገኘሁት፣ ያኔ ሽንብራ ያክላል፣ ይሸሻል፣ ከሁሉ ከሁሉ አያመኝም። የማያም ነገር ምን ያረጋል ብዬ ተውኩት። ፋርማሲ ሄጄ ካፕሱል ሰጡኝ ዋጥኩ። ጎረቤት ምች ነው አለችኝ፣ ዳማከሴም ቀባሁ። ከዛ ፀበል ገባሁ፣ ፀበሉን አልነካም፣ እምነቴ ነው፣ አሁንም እጠመቃለሁ፣ ግን ሀኪሙንም ፀበሉንም አንድ ላይ መያዝ ይቻል ነበር አባም እንደዛው ነበር ያሉኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁ። ጡቴ ቆዳው እንደ ብርቱካን ሆኖ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ነው ልጄ አስገድዳ የወሰደችኝ። ተቆረጠ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ የጨረሩ ወረፋ ደሞ ያኔ በሀገሩ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ከየክልሉ የመጣ ሰው አስፋልቱ ላይ ያድር ነበር። በየቀኑ አንዲት ታብሌት እየዋጥኩ ይኸው አለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። እናንተ ስለ ካሜራ ነው ምትጨቃጨቁት፣ እኔ ካሜራ አላስፈለገኝም ነበር፣ እጄ አግኝቶት ነበር

ሀና_አርኤን
እማማ አስናቀች እድሜ ይስጥዎት ❤️ አለመታመሙ ነው ብዙውን ሰው ሚያታልለው። አብዛኛው የጡት ካንሰር ሲጀምር አያምም። ካመመኝ ብቻ ነው ምሄደው ሚል ሰው ይቀደማል።

ራድቴክ_አዲስአበባ
እማማ የተናገሩት ነው ዋናው ነገር። እኛ ጋ የጡት ካንሰር ሴቶች ላይ ቁጥር አንድ ነው፣ በ2020 ግምት ብቻ (እኤአ) በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ። አብዛኞቹ ሚመጡት ስቴጅ 3 እና 4 ላይ ነው። ከነሱ ብዙዎቹ በእጃቸው ካገኙት በኋላ ወራት አንዳንዴ ዓመት ቆይተው ነው። እጢው ሳይታይ ቀርቶ አይደለም! የዓለም ጤና ድርጅትም 2021 ላይ ያወጣው ግብ ሰው ምልክት ይዞ ከመጣ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው ይለቅ ነው ሚለው፣ ስለ ማሽን አይደለም ስለ ጊዜ ነው።

አዲስ_ተጠቃሚ_ዱባይ
ሰላም እህቶቼ ወንድሞቼ ይቅርታ በሰው ጥያቄ ውስጥ ስለገባሁ። እኔ ዱባይ ቤት ሰራተኛ ነኝ 29 ዓመቴ። ቀኝ ጡቴ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ ወደ ብብቴ አካባቢ፣ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፣ ከፋሲካ በፊት ነው ያየሁት። ለማዳሜ አልነገርኩም፣ ካንሰር ነው ብለው ወደ ሀገር ይመልሱኛል ብዬ፣ እዳዬን አልጨረስኩም ኤጀንሲ ያበደረኝ አለ። እዚህ ሞል ውስጥ ቴርማል የሚያዩ አሉ ማንም ሳያውቅ አርብ በእረፍቴ ሄጄ በሱ ብታይ ይበቃኛል ወይ፣ ምንም ካላሳየ መተው እችላለሁ ወይ

ሀና_አርኤን
እህቴዋ መጀመሪያ ተረጋጊ። በ29 ዓመት ሚገኝ ሚንቀሳቀስ እጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ ፋይብሮአዴኖማ ሚባል ክፉ ያልሆነ ነገር አለ ብዙ ወጣት ሴት ላይ ሚገኝ። ግን በኢንተርኔት አይታወቅም፣ በቴርማልም አይታወቅም። አይበቃም። ምንም ባያሳይ መተው አትችዪም፣ ቢያሳይም ምን እንደሆነ አይነግርሽም። ሳሮን ምንም ምልክት የላትም ለጥንቃቄ ነው ምትመረመረው፣ አንቺ ግን በእጅሽ የያዝሽው ነገር አለ፣ ያንቺ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ነው። አንቺ ሚያስፈልግሽ ሀኪም ይዳስስሽ፣ ከዛ አልትራሳውንድ። ከ30 በታች መጀመሪያ ሚታዘዘው እሱ ነው፣ ጨረር የለውም አያምም። ካስጠረጠረ በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ።

ራህመት_ዱባይ
የኔ እህት እኔም ዱባይ ነኝ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ቀጣሪሽ ኢንሹራንስ ሊያወጣልሽ ግዴታው ነው፣ ያለዛ ቪዛሽ አይታደስም። ካርዱ ማዳምሽ ጋ ነው ሚሆነው ወይ ከመታወቂያሽ ጋ የተያያዘ ነው። ካንሰር አለብኝ ብለሽ አትግቢ፣ ስለማታውቂው። "ጡቴ ላይ እባጭ አለ ሀኪም ላሳይ" በያት በቃ። ሴት ናት ይገባታል አብዛኞቹ። እምቢ ካለች እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሀበሻ ነርስ ያለችበት ክሊኒክ አውቃለሁ እኔ አርብ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዝም ብለሽ ግን አትቀመጪ ወላሂ

የቦሌው_ልጅ
ራህመት አላህ ይስጥሽ። እህቴ ሂጂ በናትሽ

ሳሮን_ሜሪላንድ
እኔ ስለሁለት መቶ ዶላር ሳወራ ይሄን አንብቤ ዝም አልኩ። የኔ ቆንጆ ሂጂ እሺ፣ ንገሪን

ተፈጥሮ_ይሻላል
እኔም ሂጂ ነው ምለው። እባጭ ካለ ሌላ ነው።

ሀና_አርኤን
👆 እዚህ ላይ ተስማማን እንግዲህ

ማርታ_ሀይፋ
እዚህ እስራኤል ዕድሜሽ ከደረሰ በየሁለት ዓመቱ ኩፓ ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) ራሱ ለማሞግራም ነይ ብሎ ደብዳቤ ይልካል። እናቴ ደብዳቤውን ለጎረቤት አስነብባ "የቆየ እዳ መስሎኝ" አለች ሃሃ። የኛ እናቶች ዕብራይስጡን ስለማያነቡት ብዙዎቹ ይጥሉታል፣ ልጆች ደብዳቤውን እያያችሁ

ራህመት_ዱባይ
ለተጨነቃችሁ ሁሉ፣ ልጅቷን አግኝቻት አብረን ሄድን። ማዳሟ መጨረሻ ላይ ራሷ ነው ታክሲ የከፈለችው ሳትቆጣ። ራሷ ትጻፍላችሁ

አዲስ_ተጠቃሚ_ዱባይ
እህቶቼ አመሰግናለሁ። ዶክተሯ ዳሰሰችኝ ከዛ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ጄሉ ይቀዘቅዛል ሌላ ምንም አያምም። ወረቀቱ ላይ ፋይብሮአዴኖማ ይመስላል ባይራድስ 3 ይላል በ6 ወር ተመለሺ አሉኝ። 3 ማለት ስቴጅ 3 ነው እንዴ??? ዶክተሯን ደግሜ ለመጠየቅ አፈርኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም

ራድቴክ_አዲስአበባ
አይደለም አይደለም!! ተኚ። ባይራድስ ስቴጅ አይደለም፣ እኛ ምስል አንባቢዎች ምን ያህል እንደጠረጠርን ምንጽፍበት ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 6 ነው። 1 ምንም የለም፣ 2 ያለው ነገር በእርግጠኝነት ክፉ አይደለም፣ 3 "ክፉ አይመስልም ግን ላረጋግጥ ተመለሺ" ማለት ነው፣ ካንሰር የመሆን እድሉ ከ2 ፐርሰንት አይበልጥም። 4 እና 5 ናቸው መርፌ ሚያስፈልጋቸው። ስለዚህ 6 ወሩን አትርሺ፣ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ፣ ከዛ በፊት ካደገ ወይ ቆዳው ከተጎተተ ወይ ከጫፉ ደም ከወጣ ሳትጠብቂ ሂጂ። ሪፖርቱን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ፣ ቀጣሪ ብትቀይሪም ሀገር ብትገቢም ሁለተኛው ሀኪም ከድሮው ጋ ማወዳደር አለበት።

አዲስ_ተጠቃሚ_ዱባይ
😭😭 እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እተኛለሁ

ወሮ_አስናቀች
እልልልል። ተኚ ልጄ

ሳሮን_ሜሪላንድ
እሺ እኔም ደወልኩ፣ ሐሙስ 9 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ (በኛ)። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ታላቅ እህቴን ጡትሽ ዴንስ ነው ብለዋት ነበር፣ ዴንስ ከሆነ ማሞግራም አያይም ይላሉ፣ ታዲያ እዛ ላይ ቴርማሉ ይጠቅም ይሆን?

ራድቴክ_አዲስአበባ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ዴንስ ማለት ከስቡ ይልቅ ወተት አመንጪው ክፍልና ጅማቱ የበዛበት ጡት ነው፣ ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ካንሰርም ነጭ ነው ስለዚህ ሊደበቅ ይችላል። አያይም ሳይሆን ይቸገራል ነው። ግን ማሞግራም በነጥብ ነጥብ ሚታዩ የካልሲየም ቅንጣቶችን ያሳያል፣ እነሱ አንዳንዴ እጢ ሳይኖር ቀድመው ሚመጡ ምልክት ናቸው፣ ሙቀት ሚያይ ካሜራ እነሱን በጭራሽ አያገኛቸውም። ዴንስ ከሆንሽ ሚጨመረው አልትራሳውንድ ነው፣ አደጋሽ ከፍ ያለ ከሆነ ኤምአርአይ። እናንተ ጋ ከ2024 መስከረም ጀምሮ ዴንስ መሆን አለመሆንሽን በጽሁፍ ሊነግሩሽ ግድ ነው፣ ውጤቱ ላይ ፈልጊው።

ሀና_አርኤን
የመጀመሪያሽ ስለሆነ መልሰው ሊጠሩሽም ይችላሉ፣ ሚያወዳድሩበት የድሮ ምስል ስለሌላቸው ነው፣ ተጠራሁ ብለሽ እንዳትሞቺብን። ከተጠሩት አብዛኞቹ ምንም የለባቸውም።

ሳሮን_ሜሪላንድ
እና ህመሙስ? ሀቁን

ራድቴክ_አዲስአበባ
ሀቁን፣ ይጫናል። እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ ከላይ ወደታች አንዴ አጋድሞ፣ በድምሩ አራት ምስል። ጭነቱ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ትንፋሽሽን ያዢ ስትባዪ ይያዛል ከዛ ራሱ ይለቃል። በጣም ካመመሽ ለቴክኒሻኗ ንገሪያት ዝም ብለሽ ጥርስሽን አትንከሺ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥ ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል፣ ሐሙስ የት ላይ እንደሚውል እይው።

ሳሮን_ሜሪላንድ
ካለፈ በኋላ ነው ሚውለው ጥሩ ነው። ሌላ ማውቀው ነገር አለ?

ራድቴክ_አዲስአበባ
ዲዮድራንት፣ ፓውደር፣ ሎሽን ምንም እንዳትቀቢ፣ ምስሉ ላይ ያ የካልሲየም ነጥብ ይመስላል። ቀሚስ አትልበሺ፣ ሸሚዝ በሱሪ አርጊ፣ ከላይ ብቻ ነው ምታወልቂው።